ዳኛዋም ተከሳሿም ልጃገረድ፦ ሥልጣንና ፍትሕ በብሪታንያ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ልቦለድ

መግቢያ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በብሪታንያ የተስፋፋው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ልቦለድ ብዙ አንባቢ፣ የዚያኑ ያህልም ብዙ ነቃፊ ያፈራ ዘውግ ነው። ነቀፌታው ከሜዳ አልተነሣም። ሴራው ይደጋገማል፦ አዲስ ተማሪ ትመጣለች፤ ያላጠፋችው ጥፋት ይለጠፍባታል፤ ጓደኞቿ ያገልሏታል፤ እውነቱ ሲወጣ ትከበራለች። ነገር ግን ድግግሞሹን ድክመት ነው ብሎ ማለፍ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ያስቀራል፤ ከሴራ ሁሉ ለምን ይኸኛው? ይህ መጣጥፍ፣ መጻሕፍቱ በትምህርት ቤት ስም የሚተርኩት ስለ ዳኝነት ነው ብሎ ይከራከራል። የብሪታንያ ሴቶች እስከ 1918 ድረስ የፓርላማ ተመራጭ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ ከወንዶች እኩል የመረጡትም ከ1928 ወዲህ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በልቦለዱ ውስጥ ግን ሕግ አውጪዋም፣ ከሳሿም፣ ዳኛዋም ሴት ናት።

ከትምህርት ቤቱ ወደ ልቦለዱ

የወንዶቹ ትምህርት ቤት ልቦለድ ቀደም ብሎ መልክ ይዟል። ቶማስ ሂውዝ በ1857 ያሳተመው፣ የራግቢ ትምህርት ቤትን ሕይወት የሚተርከው የቶም ብራውን ታሪክ ለተከታዮቹ ሁሉ አርአያ ሆነ። ለሴቶቹም ሳራ ፊልዲንግ ገና በ1749 በትንሽ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ጽፋ ነበር። ዘውጉ ግን ወዲያው አልተስፋፋም፤ ደህና ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን በአብዛኛው የሚያስተምሩት ቤት ውስጥ፣ በተቀጠረች አስተማሪ ነበርና። ልቦለዱ እንዲያብብ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ መኖር ነበረበት።

ትምህርት ቤቶቹ የመጡት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዶሮቲያ ቢል ከ1858 እስከ 1906 የቼልተንሃም ሴቶች ኮሌጅን መራች። በ1877 ሴንት ሌናርድስ፣ በ1885 ሮዲን፣ በ1896 ዊኮም አቢ ተከፈቱ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወንዶቹ ሥርዓት ሥር ሰደደ፤ ተማሪዎች በየማደሪያ ቤቱ ተደለደሉ፤ ከታላላቆቹ መካከል በታናናሾቹ ላይ ሥልጣን ያላቸው አለቆች ተሾሙ፤ ሆኪ፣ ክሪኬትና ላክሮስ የቡድን ጨዋታዎች ሆኑ። ለልቦለዱ ወሳኙ የአለቆቹ ሹመት ነው። ሥልጣን ከመምህራን እጅ ወርዶ ተማሪዎቹ ዘንድ ሲደርስ፣ ታሪኩም አብሮ ወረደ።

ሁለት ሕግ፣ አንዲት ተከሳሽ

የሥልጣኑን መውረድ ለመከተል ሁለት ደራስያንን ማነጻጸር ይበቃል። አየርላንዳዊቷ ኤል. ቲ. ሚድ በ1886 ባሳተመችው «የልጃገረዶች ዓለም» ውስጥ አኒ ፎረስት የተባለች ተማሪ ባልሠራችው ጥፋት ትጠረጠራለች። ጓደኞቿ ይርቋታል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የርዕሰ መምህርቷ የወይዘሮ ዊሊስ ነው። ወይዘሮዋ በእናት ሥልጣን ትገዛለች፤ ጥፋተኛዋም ነፃ የምትወጣው በኑዛዜና በንስሐ ነው።

አንጄላ ብራዝል (1868–1947) ይህን ሚዛን ቀየረችው። በ1906 የወጣው «የፊሊፓ ዕጣ» እናቷ ከደቡብ አሜሪካ መጥታ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ያሳለፈችውን ብቸኝነት መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ ባለታሪኳ በራሷ አንደበት ትተርከዋለች። ብራዝል ከዚያ በኋላ በጻፈቻቸው በርካታ ልቦለዶች ተራኪው መኝታ ክፍልና ሜዳ ላይ ይውላል፤ ልጆቹ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ ይቀልዳሉ። ያን የተማሪ ቋንቋ የጠሉ ርዕሳነ መምህራን መጻሕፍቷን ከትምህርት ቤታቸው እስከ ማገድ ደርሰዋል።

በዚህ ዓለም ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የመምህራኑ ሕግ እውነቱን ተናገሪ ይላል፤ የልጆቹ ሕግ ደግሞ ጓደኛ ላይ ማሳበቅን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ያደርገዋል። ጥፋተኛዋን የምታውቅ ልጅ ብትናገር በእኩዮቿ፣ ዝም ብትል በመምህራኗ ትፈረድባታለች። በሐሰት የተከሰሰችው ልጅ ደጋግማ የምትመጣው ከዚሁ ቅራኔ ነው፤ ከሁለቱ ሕጎች የትኛው እንደሚበልጥ የሚፈተነው በእሷ ላይ ነውና። ብራዝል ዘንድ ከርዕሰ መምህርቷ ምሕረት ይልቅ የሚናፈቀው የእኩዮች አመኔታ ነው።

ዶሪታ ፌርሊ ብሩስ ደግሞ ልጆቹን በግልጽ ሕግ አውጪ አደረገቻቸው። በ1921 በታተመው የዲምሲ ታሪክ ታናናሾቹ ተማሪዎች ለታላላቆቹ የሚታየውን የፍቅር ያህል አምልኮ የሚቃወም ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አበባ መስጠትን፣ የታላቅ ተማሪን የፀጉር ጥብጣብ ትራስ ሥር አድርጎ መተኛትን በደንብ ይከለክላሉ። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሕጉ ግን የምር ነው። መምህር ሳያዝዛቸው፣ የገዛ ስሜታቸውን ለመግዛት ያወጡት ነውና።

ከግቢው ውጭ ያለው ፍርድ

የልጆቹ ፍትሕ ከጨዋታ ሜዳ ባሻገር ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ብርቱውን መልስ የሰጠችው ኤሊኖር ብሬንት-ዳየር (1894–1969) ናት። በ1925 በጀመረችው የሻሌ ትምህርት ቤት ተከታታይ፣ ወላጅ አልባዋ የሃያ አራት ዓመቷ ማጅ ቤታኒ ጥቂት ገንዘብ ይዛ፣ ኑሮ በሚረክስበት የኦስትሪያ ቲሮል ትምህርት ቤት ትከፍታለች፤ የእንግሊዝና የአካባቢው ልጆች አብረው ይማሩበታል። ናዚ ጀርመን በ1938 ኦስትሪያን ስትጠቀልል ደራሲዋ ልቦለዱን ከዘመኑ አላሸሸችም። በ1940 በወጣው «የሻሌ ትምህርት ቤት በስደት» ተማሪዎቹ በአገር ጠላትነት ላለመለያየት የሰላም ማኅበር መሥርተው ይፈርማሉ። ሰዎች ተሰብስበው አንድ አረጋዊ አይሁዳዊ ጌጣጌጥ ሻጭ ሲያጠቁም ልጆቹ መካከል ይገባሉ፤ በዚህ ምክንያት ተራራ አቋርጠው ወደ ስዊዘርላንድ ይሸሻሉ። በሐሰት ለተከሰሰች ጓደኛ መቆም ሲተረክበት የኖረው ዘውግ፣ ያንኑ ግዴታ መንግሥት ለሚያሳድደው ሰው አዋለው። ትምህርት ቤቱ በልቦለዱ የተጠለለባትን የጌርንዚ ደሴት ጀርመኖች በዚያው በ1940 ስለያዟት፣ ደራሲዋ በቀጣዩ ቅጽ እንደገና ለማዛወር ተገድዳለች።

የሥልጣኑ ወሰን

ይህ የሴቶች ችሎት ግን አጥር ነበረው። የመጀመሪያው አጥር መደብ ነው። በ1918 የወጣው የትምህርት ሕግ ከትምህርት ቤት መውጫ ዕድሜን ወደ 14 ሲያሳድግ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነበር። በ1919 የተጀመረው «ስኩል ፍሬንድ» የተሰኘ ርካሽ ሳምንታዊ መጽሔት ይህን ዓለም ሊገቡበት ለማይችሉ ልጆችም አደረሰ፤ ሂልዳ ሪቻርድስ በሚል የሴት ስም ታሪኮቹን የጀመረው ግን ቻርልስ ሃሚልተን የተባለ ወንድ ነበር። ሁለተኛው አጥር የቅኝ ግዛት ሥርዓት ነው። የማጅ ወንድም የሚኖረው በሕንድ የመንግሥት ደን አገልግሎት ተቀጥሮ ነው፤ ልጆቹ ስለ ፍትሕ ሲሟገቱ ይህ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ለሙግት አይቀርብም።

ሦስተኛው ጋብቻ ነው። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመችው ማጅ ሐኪም ስታገባ አመራሩን ለሌላ ታስረክባለች። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በርካታ የብሪታንያ የአካባቢ አስተዳደሮች ያገባች መምህርትን ከሥራ ያሰናብቱ ነበር፤ እገዳው በሕግ የተነሣው በ1944 ነው።

መደምደሚያ

ሜሪ ካዶጋንና ፓትሪሻ ክሬግ በ1976 ዘውጉን በፌዝ በተቀመመ ሂስ መርምረውታል፤ ሮዝመሪ ኦክሙቲ በ1992 ለሴቶች ነፃነት የሰጠ ዓለም መሆኑን አጉልታለች። ሁለቱም ንባቦች መሠረት አላቸው፤ አንዱን መምረጥ ግን ግድ አይልም። ልቦለዶቹ ለልጃገረዶች ሙሉ ሥልጣን ሲሰጡ የሥልጣኑን ዘመን በትምህርት ቤት ዕድሜ ገደቡት። ይህን ገደብ ደራስያኑ ከዘመናቸው ተቀበሉት፤ ሴት ልጅ ሕግ ማውጣትና መፍረድ ትችላለች የሚለውን ግን፣ ዘመናቸው በቅጡ ሳያምንበት፣ ማስረጃ እንደማያሻው ነገር ጻፉት።