የጣና ጉማሬ አዳኞችና የጠፋው ቋንቋቸው

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለዘመናት ይታወቅ የነበረው ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማስገርና ከደንገል ታንኳ በመሥራት ነው። የጉማሬው ሥጋ ለምግብ፣ ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ ይውል ነበር። በአማርኛ አለንጋው ራሱ "ጉማሬ" ተብሎ መጠራቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ንጉሡ ሁለት ወይጦዎች አስጠርተውለት ነበር፤ ሰዎቹ ግን በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም መልስ አልሰጡትም። በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ ማኅበረሰቡ አማርኛ ብቻ እንደሚናገር ዘገበ። በ1928 ወደ ስፍራው የሄደው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ሲዘፍን ሰምቷል። ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቅም፤ የሚያውቀው የጉማሬ ብልቶች መጠሪያ የሆኑ ጥቂት ቃላትን ብቻ ነበር።

ማርሴል ኮኸን ግሪዮል የሰበሰባቸውን ቃላት መርምሮ በ1939 ባሳተመው ጽሑፍ ምንጫቸው ያልታወቀ ስድስት ቃላት ብቻ አግኝቷል። ከእነዚህ ሁለቱ የጉማሬ ታፋና አከርካሪ መጠሪያዎች ናቸው። በ1965 አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬደሪክ ጋምስት ሲደርስ ግን ከአደንና ከዓሣ ማስገር ጋር የተያያዘ አንድም የጥንት ቃል አላገኘም።

ቅደም ተከተሉ ትምህርት ይሰጣል። ቋንቋው ከዕለት ንግግር ከወጣ በኋላም ግዳይ በሚበለትበት ቦታ ቆይቷል፤ ብልት የሚከፋፈሉ ሰዎች ለየብልቱ ስም ያስፈልጋቸዋልና። ሥራው ሲቀር ቃሉም ቀረ።

ለመጥፋቱ አንዱ ምክንያት ንቀት መሆኑ አያጠራጥርም። ወይጦዎች ሙስሊሞች ቢሆኑም፣ ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ያገላቸው ነበር። በሚያስንቅ ሙያ ልጁን የሚያሠለጥን አባት ብዙ አይገኝም።

መፍትሔው ወደ አደን መመለስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዕውቀቱ ግን ከአደን ውጭም ይጠቅማል። ጉማሬ መቼ ከውኃ እንደሚወጣ፣ በየት በኩል እንደሚሰማራና ሲቆጣ ምን ምልክት እንደሚያሳይ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ሰብሉ ለሚበላበት ገበሬም ሆነ እንስሳውን ለሚጠብቅ ባለሙያ ምክር አለው።

አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በብዝኀ ሕይወት ላይ ባላቸው ዕውቀት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ምዝገባው በባለቤቶቹ ፈቃድና በስማቸው መካሄድ ይኖርበታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ታንኳ የመሥራት ሙያ እንዳይጠፋ የሐይቁ ደንገል ሊጠበቅ ይገባል። የጉማሬው ቃላት እንዳሳዩት፣ ሥራው ካለ ስሙም ይኖራል።