የሊዝቦን ጥፋትና የሊቃውንት ክርክር

እግዚአብሔር ቸር ከሆነ ክፉ ነገር ለምን ይደርሳል? ሁሉን ቻይ ከሆነስ ስለ ምን አይከለክለውም? ሰውስ በደል የሚሠራው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ አስቀድሞ ተወስኖበት ነው? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ኢዮብ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ከወዳጆቹ ጋራ የተከራከረው በዚሁ ነገር ነበር። ከእሱም በኋላ በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት ብዙ መልስ ሰጥተውበታል። ይሁን እንጂ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ በመጻሕፍት መካከል ስለ ሆነ፣ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚፈተንበት ቀን እምብዛም አይገኝም። በአውሮፓ ግን በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ መልሱ ሁሉ በአንድ ጧት ተፈተነ። የዚያን ጧት ታሪክና ከዚያ በኋላ የተነሣውን ክርክር ለወጣት አንባቢ እነግራለሁ፤ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊዝቦን የፖርቱጋል ዋና ከተማ ናት። ፖርቱጋልን ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያውቃታል፤ በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ እየተመራ ለአፄ ገላውዴዎስ ርዳታ የመጣው ጦር የዚያች አገር ጦር ነበርና። በ1755 ከተማዪቱ 200,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከብራዚል በሚመጣው ወርቅና አልማዝ የከበረች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የበዙባት ነበረች። በዚያው ዓመት በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ዐርፈው፣ ሕፃኑ ኢዮአስ ነግሠው፣ እቴጌ ምንትዋብ መንግሥቱን ይጠብቁ ነበር።

እንደነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ ጧት፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበረ። ሕዝቡ ለቅዳሴ ወጥቷል፤ በየመቅደሱ ሻማ በርቷል። ከጧቱ በአራት ሰዓት ግድም ምድር ተናወጠች። መናወጡም ጥቂት ደቂቃዎች እያከታተለ ቆየ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣራና ግንብ በምእመናኑ ላይ ወደቀ። የተረፈው ሕዝብ ግንብ ከሌለበት ሜዳ ለመድረስ ብሎ ወደ ታጉስ ወንዝ ዳር ሮጠ። በዚያም ውሃው መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሽቶ የወንዙ አልጋ እስኪታይ ድረስ ደረቀ፤ ቀጥሎም ባሕሩ እንደ ተራራ ተነሥቶ መጣና የዳሩን ሰው ጠራርጎ ወሰደው። ከዚህም ሌላ በየመቅደሱ የበራው ሻማና በየማድቤቱ የነደደው እሳት ከፍርስራሹ ጋራ ተያይዞ ከተማዪቱ አምስት ስድስት ቀን ያህል ነደደች። የቅዱሳን ሁሉ ሆስፒታል ከነሕመምተኞቹ ተቃጠለ። የንጉሡ ቤተ መንግሥትና በውስጡ የነበሩት መጻሕፍት፣ በዚያው ዓመት የተመረቀውም ትልቁ የኦፔራ ቤት ጠፋ። የሞተውን ሰው ቍጥር ከ30,000 እስከ 50,000 የሚገምቱት አሉ። ንጉሥ ዦዜ ቀዳማዊ በዚያ ጧት ከቤተ ሰባቸው ጋራ ከከተማው ውጭ ስለ ነበሩ ተረፉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከድንጋይ ጣራ በታች መተኛት ስለ ፈሩ እስኪሞቱ ድረስ በድንኳንና በእንጨት ቤት ኖሩ።

አሁን የነገሩን ክብደት ተመልከት። ጥፋቱ የመጣው በተርታ ቀን ቢሆን፣ ወይም በቁማር ቤትና በስካር ቤት ላይ ብቻ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሰባኪዎቹ ለማስረዳት አይቸገሩም ነበር። የመጣው ግን በበዓል ቀን፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ በሚጸልዩት ሰዎች ላይ ነው። የጋለሞቶች መንደር ግን ብዙውን ተርፏል ተብሎ ይነገር ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ ከኃጢአት ጋራ የሚያያይዙት ሰዎች አልጠፉም። ጋብርኤል ማላግሪዳ የሚባል፣ በብራዚል ዱር ብዙ ዓመት የሰበከ፣ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ቅዱስ የሚታይ ኢጣሊያዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። በ1756 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የጥፋቱ ምክንያት ተፈጥሮ ሳይሆን የሕዝቡ ኃጢአት ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ ጎጆ ከመቀለስ ይልቅ ንስሓ መግባት ይቀድማል ብሎ አስተማረ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጆን ዌስሊ የተባለው ስመ ጥር ሰባኪ ይህ መቅሠፍት የመጣው ፖርቱጋሎች በሃይማኖት መርማሪዎች ችሎት ሰውን ሲያቃጥሉ ስለ ኖሩ ነው ወደ ማለት አዘነበለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንም ነገር የማይስማሙ ሲሆኑ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ፤ ይኸውም የሌላውን ሞት እንደ ፍርድ ወረቀት ለማንበብ መቻላቸው ነው። በወንጌል ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች የተጻፈውን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ በዚያም ስፍራ የሞቱት ከሌሎቹ የከፉ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተነግሯል። ሰው የሚያውቀውን ቃል በችግር ቀን እንዴት እንደሚረሳው ያስገርማል።

ፈላስፎቹ በበኩላቸው ሌላ መልስ ነበራቸው። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር ፍጹም ጥበበኛና ቸር ስለ ሆነ ሊፈጠሩ ከሚችሉት ዓለሞች ሁሉ የተሻለውን መርጦ ፈጥሯል ሲል አስረድቶ ነበር። በዚህ ዓለም ክፉ ነገር ቢኖር ከጠቅላላው መልካምነት ጋራ የተያያዘና ሊለይ የማይችል ስለ ሆነ ነው፤ ሰውም ነጻ ፈቃድ ያለው ሆኖ የተፈጠረው ያለ ነጻነት በጎነት ስለማይኖር ነው። ይህ አሳብ ለመሳለቂያ የሚሆን ተራ አሳብ አይደለም፤ በብርቱ የታሰበበት ነው። ጉዳቱ ግን ወደ ታች ሲወርድ በየአዳራሹ የሚወራ ማጽናኛ ሆነና፣ የጠገበ ሰው ለራበው «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚልበት ቃል ሆኖ ቀረ።

ቮልቴር የሊዝቦንን ወሬ የሰማው በጄኔቭ አጠገብ ሆኖ ነው፤ ዕድሜው 61 ነበር። ወዲያው ረዥም ግጥም ጽፎ በ1756 አሳተመው። በግጥሙም በእናታቸው እቅፍ የሞቱትን ሕፃናት አንሥቶ፣ ሊዝቦንንም በተድላ ከሚኖሩት ከሌሎቹ ታላላቅ ከተሞች ጋራ አወዳድሮ፣ «ሁሉ መልካም ነው» የሚሉትን ሊቃውንት ወደ ፍርስራሹ መጥተው ያንኑ እንዲደግሙት ጠራቸው። ብዙ ሰዎች ቮልቴር በዚህ ግጥም እግዚአብሔርን ካደ ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ፈጣሪ መኖሩን ያምን ነበር። የተቃወመው የፈጣሪን መኖር ሳይሆን የፈጣሪን አሳብ ሁሉ እናውቃለን የሚሉትን ነው።

ለዚህ ግጥም የጸናውን መልስ የሰጠው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። በኦገስት 18 ቀን 1756 ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ በዚያ ስፍራ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን 20,000 ቤቶች አጠጋግቶ የሠራው ተፈጥሮ አይደለም፤ ሕዝቡ ተበታትኖ በትንንሽ ቤቶች ቢኖር ጥፋቱ ያነሰ በሆነ ነበር። ስንቱ ሰውስ ልብሱን፣ ወረቀቱን፣ ገንዘቡን ለማዳን ሲል ተመልሶ ገብቶ ሞተ? ስለዚህ ከመከራው ብዙው የሰው ፈቃድ ሥራ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ጭካኔ አይደለም። ከዚህም ጋራ ቮልቴር በሀብትና በክብር መካከል ተቀምጦ ተስፋ ሲቈርጥ፣ እኔ ድኻውና ሕመምተኛው ተስፋ አደርጋለሁ ሲል ነቀፋ አከለበት። ቮልቴር ሕመም ምክንያት አድርጎ በአጭር ደብዳቤ ክርክሩን አሳደረው።

እንደ እኔ አስተያየት የሩሶ መልስ እኩሌታው የጸና ነው። የጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት ሠርቶ ክረምት ሲገባ «እግዚአብሔር ቤቴን ወሰደብኝ» የሚል ሰው በእኛም አገር አለ፤ ለእንደዚህ ያለው ሰው የሩሶ ቃል ይበቃዋል። ነገር ግን ሕፃኑ ቤቱን አልሠራም፤ በሆስፒታል የተኛውም ሕመምተኛ አልጋውን አልመረጠም። አንዱ በፈቃዱ ያደረገው ሌላውን ከገደለው፣ የሟቹ ነጻ ፈቃድ የት ነበረ? ሩሶ ለዚህ ያቀረበው የነፍስን አለመሞትና የሚመጣውን ሕይወት ነው። ይህም ክርክር መሆኑ ቀርቶ እምነት መሆኑን ራሱም አልደበቀም፤ በዚህ ቅንነቱን አደንቃለሁ።

ቮልቴር ሙሉውን መልስ የሰጠው በ1759 ባሳተመው «ካንዲድ» በተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ሩሶም በኋላ ይህ መጽሐፍ ለደብዳቤዬ የተሰጠ መልስ ነው ብሎ ጽፏል። በዚያው በ1759 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደስታን ፍለጋ ከአገሩ ስለ ወጣ የሐበሻ ልዑል «ራሴላስ» የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ። ጆንሰን ስለ አገራችን ያወቀው የፖርቱጋሉን ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በወጣትነቱ ስለ ተረጐመ ነው። የእኛው ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሰው ወጣቶች ሊያነቡት ይችላሉ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ነገሩ ሳይደመደም እንደሚያልቅም ደራሲው በምዕራፉ ርእስ ላይ አስታውቋል።

ፈላስፎቹ በዚህ ሲከራከሩ በሊዝቦን ሥራውን የያዘው ሚኒስትሩ ካርቫልዮ፣ በኋላ የፖምባል ማርኪስ የተባለው ሰው ነው። ሬሳው ሳይበሰብስና በሽታ ሳያመጣ እንዲነሣ፣ እህል እንዳይወደድ፣ ሌባ እንዲሰቀል አዘዘ። የእንግሊዝ ፓርላማም 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ ርዳታ ፈቀደ። በ1756 ካርቫልዮ በአገሩ ላሉት አጥቢያዎች 13 ጥያቄ የያዘ ወረቀት ላከ፤ መናወጡ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ባሕሩ መጀመሪያ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚል ነው። ስለ ኃጢአት የሚጠይቅ አንድም የለበትም። መልሱን የጻፉት ግን ካህናቱ ናቸው፤ ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመረምሩ ሊቃውንት ስለዚያ ቀን ብዙውን ነገር የሚያውቁት ከነሱ ወረቀት ነው። ከተማዪቱም ስትሠራ በግድግዳው ውስጥ መናወጥን የሚችል የእንጨት ማገር እንዲገባ ተደረገ። የጥፋቱ ምንጭ የአፍሪካና የአውሮፓ የምድር ቅርፊት በሚጋጩበት በአትላንቲክ ባሕር ሥር መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ይህን ያነበበ ወጣት «እንግዲያስ ካርቫልዮ ብርሃን፣ ማላግሪዳ ጨለማ ነበረ» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ታሪኩ ግን ከዚህ አያበቃም። ማላግሪዳ ስለ ጻፈው መጽሐፍ ከከተማ ወደ ሴቱባል ተባረረ። በ1758 ንጉሡን ለመግደል ተኵስ በተተኰሰ ጊዜ ካርቫልዮ የታቮራን መኳንንት በጽኑ ሥቃይ አስገደለ፤ በ1759ም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ። ማላግሪዳ ወኅኒ ወረደ። በጨለማ ቤት ብዙ ከቆየ በኋላ ሽማግሌው አእምሮው ተናወጠ፤ ራእይ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ እያለ ይጽፍ ጀመር። የጻፈውም ኑፋቄ ነው ተብሎ የካርቫልዮ ወንድም በሚመራው በሃይማኖት መርማሪዎች ችሎት ቀረበ። በ1761 በሴፕቴምበር ወር፣ ዕድሜው 72 ሲሆን፣ በሮሲዮ አደባባይ በገመድ ታንቆ ሬሳው ተቃጠለ።

በዚያ ቀን ምድር አልተናወጠችም፤ ባሕርም ከስፍራው አልተነሣም። ዳኞቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጸሓፊው ጽፎ፣ ሹሙ ፈርሞ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያየ የተደረገ ሥራ ነው፤ ከነዚህም እያንዳንዱ እንቢ ለማለት ይችል ነበር። ቮልቴር ዕድሜውን ሙሉ ኢየሱሳውያንን ሲቀልድባቸው የኖረ ሰው ነው። የማላግሪዳን ሞት በሰማ ጊዜ ግን ነገሩ የማይረባና የሚዘገንን መሆኑን እየገለጸ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት አንድ አይሁዳዊ መምህር ስለ ተቃጠሉት ሰዎች ሲሰብክ የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍም አወጣ።