የኮሶ ዛፍ ሥዕል፤ ልጆች ምድራቸውን ይጠብቁ ዘንድ በጥበብ ስለ ማስተማር

የቦታ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። አዲስ ቅዳም ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። የአዊ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን እንጅባራን ደግሞ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ኮሶ በር እያለ ይጠራታል። ብርድና ዝናም የማይለያት ይህች ደጋ ከተማ በዛፍ ስም ትጠራ እንጂ፥ በውስጧ ከሚያድጉት ልጆች ብዙዎቹ ያን ዛፍ ከሌላው ለይተው ሊያሳዩ አይችሉም። ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም፤ በመምህርነት ዘመኔ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስዛወር ደጋግሜ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ነው። ስሙን ያውቁታል፤ መራራ ነገር ሁሉ በኮሶ ሲመሰል ሰምተዋል፤ ዛፉን ግን አያውቁትም።

ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን ቅጠል እያስለቀሙ በመጽሐፍ ገጾች መካከል ያስደርቁን ነበር፤ ከደረቀም በኋላ እያየን እንድንሥለው ያዝዙን ነበር። የቅጠሉን ጠርዝ ጥርስ ሳይቈጥር የሣለ ልጅ ወረቀቱ ይመለስለታል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፥ የጎጃምንና የአገውን ምድር ታሪክ ሳነብ፥ የአንድ ሥዕልን ታሪክ ባገኘሁ ጊዜ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስቀድሜ እርሱን ላውጋህ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ዓባይ ሄደ። ግሽ ዓባይ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ያለች የአዊ ጎረቤት ናት፤ በዚያ ዘመን ግን አካባቢው የአገው አገር ይባል ነበር። ብሩስ ስለ አገው ሕዝብ ብዙ ጽፎአል፤ የጎንደር ገበያ ማርና ቅቤ፥ ከብትና ቆዳ ከእነርሱ ያገኝ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ማር ያለ አበባ፥ ቅቤም ያለ ሣር እንደማይገኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምስክርነት ስለ ገበያው ብቻ ሳይሆን ስለ ምድሩ ልምላሜ የተነገረ ነው።

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሣሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ በአገራችን ያያቸውን ዕፅዋትና አዕዋፍ በትጋት ሣለ፤ ከሣላቸውም ዕፅዋት አንዱ ኮሶ ነው። ቅጠሉ በአንድ አገዳ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንዴት እንደሚደረደር፥ አበባው እንደ ወይን ዘለላ እንዴት እንደሚንጠለጠል፥ ዛፉን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ በሥዕሉ ሊያውቀው ይችላል። ባሉጋኒ ግን አገሩን ሳያይ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ለተማሪ ሳልነግር አልፌ አላውቅም። ብሩስ በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ይህንም ያደረገው ከምንጩ የደረሰ አውሮፓዊ እርሱ ብቻ እንዲመስል ነው። ከእርሱ በፊት፥ በ1618፥ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ኢየሱሳዊ መነኵሴ ምንጩን አይቶ ነበር፤ ብሩስ ያንንም ሊቀበል አልወደደም። ባሉጋኒ ግን አብሮት እንደ ሄደ ከቀሩት ወረቀቶች በኋላ ታውቆአል። ብሩስ ጀግና ተጓዥ መሆኑን አልክድም፤ የሞተን ባልንጀራ ድካም መውሰድ ግን ስሙ ስርቆት ነው። ኮሶንም በወዳጁ በእንግሊዛዊው ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠርቶት ነበር፤ ስሙ አልጸናም። በ1791 ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ ሐጌኒያ አለው፤ ሳይንስ እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚህ ስም ነው። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ አገር በየል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ተጠብቀው ይኖራሉ። እንግዲህ የኮሶን ዘለላ በኒው ሄቨን ከተማ ያለ ተማሪ አጥንቶ ሊሥለው ይችላል፤ የኮሶ በር ልጅ ግን በዛፉ ሥር እያለፈ አያየውም።

አንድ ጊዜ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ባዶ ወረቀት ሰጥቼ «ዛፍ ሣሉ» አልኋቸው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀጥ ያለ ግንድ ሣሉና በላዩ ክብ ነገር አደረጉበት፤ አንዳንዶቹም ከመጽሐፍ ያዩትን ቀይ ፍሬ አንጠለጠሉበት። በየትኛው አገር እንደሚበቅል እንጃ። በሳምንቱ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይዣቸው ሄድሁ፤ በዚያ ሁለት የኮሶ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ልጆቹ ተቀምጠው ሲሥሉ አንዲት ልጅ መጥታ፥ «የኔታ፥ ያኛው ዛፍ ታሞ ነው ወይ? ይኸኛው ቀይ አበባ አለው፥ ያኛው ገርጥቷል» አለችኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሰምተው፥ «አልታመመም ልጄ፤ ያ ወንዴው ነው። መድኃኒቱ ከቀይዋ ከሴቴዋ ነው የሚለቀም» አሏት።

ልጅቱ ያየችውን ነገር የዕፅዋት ሊቃውንት በመጽሐፍ ጽፈውታል፤ ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ነው። እርሷ ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ቀለም ስትመርጥ አገኘችው። ጥያቄው በዚያ አላቆመም፤ ሌላ ልጅ ተነሥቶ፥ «ወንዴው ቢቈረጥስ?» አለ። ቢቈረጥማ ሴቴዪቱ ብቻዋን ታብባለች እንጂ ዘር አትሰጥም። አንድ ዛፍ ተረፈ ማለት ወገኑ ተረፈ ማለት እንዳይደለ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አንድ ወር ባስተምር እንዲህ አይገባቸውም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፥ ከጽድና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። መልካም አዋጅ ነው። ዳሩ ግን ዛፉን ለይቶ የማያውቅ ሰው አዋጁን እንዴት ያከብራል?

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መሥላችን ያለ ነገር አልነበረም። በጎጃም ደጋ የጥንቱ ደን ተጠብቆ የቀረው በአብዛኛው በየደብሩ ዙሪያ ነው። በዚያው ደን ሥር ደግሞ የቅኔ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ፥ ደብረ ኤልያስ የታወቁት በቅኔ ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካው ጥግ ይሄዳል፤ ንቡ፥ ጤዛው፥ ሐረጉ፥ የወንዙ ድምፅ ለሰሙ መሣሪያ ይሆኑለታል። ንብ ከአበባ ላይ ምን እንደምታደርግ አተኵሮ ያላየ ተማሪ ንብን ሰም አድርጎ ወርቅ ሊያወጣባት አይችልም፤ መምህሩም ቶሎ ያውቁበታል። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ ትምህርት ወጥቶ ነው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች መዝሙርና ቴአትር የደረሰው። እንግዲህ ምድርን በጥበብ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ዘዴ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀበለውም።

በአዊ ምድር ከቅኔው ሌላ የእጅ ጥበብም አለ። በባንጃና በእንጅባራ ዙሪያ ቀርቀሃ በየጓሮው ይበቅላል፤ አጥሩ፥ ጣራው፥ ቅርጫቱ፥ ወንበሩ ከእርሱ ይሠራል። ከቀርቀሃ ሠሪ አጠገብ ተቀምጦ የዋለ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የትኛው እንደማይቈረጥ ነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፥ ነቀዝም ይበላዋል፤ ለሥራ የሚሆነው ሦስት ዓመት ያህል ቆሞ የጠና ነው። ስለዚህ ሠሪው ከአንድ ሥር ከወጡት መካከል ሽማግሌውን መርጦ ይቈርጣል፥ ልጁን ይተወዋል፤ ቀርቀሃውም ከዓመት ወደ ዓመት ይተካል። ይህን የደን ጥበቃ ብሎ የሰየመው የለም። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል፤ በትምህርት ቤቶቻችን «የእጅ ሥራ» ተብሎ ከካርቶንና ከሙጫ ቤት የሚያሠሩ መምህራን፥ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቀርቀሃ ሠሪ አንድ ቀን እንኳ ጠርተው ወንበር አያቀርቡለትም።

ስለ ፈረሱም ጥቂት ልበል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን ተቋቁሞ እስከ ዘመናችን የዘለቀ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ ዕለት በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል በዓድዋ የዘመቱትንና የወደቁትን ፈረሶች ጭምር ያስባል። ልጆች የሚወዱት ሥዕል ይህ ነው፤ ፈረስ ሣሉ ቢባሉ ደስታቸው ሌላ ነው። ኮርቻውን፥ ልጓሙን፥ የአንገቱን ጌጥ አንድም ሳያስቀሩ ይሥላሉ። እኔም ሥዕሉን እያየሁ፥ «ይህ ፈረስ ምን ላይ ቆሞአል? ምንስ ይበላል?» እላቸው ነበር። ያን ጊዜ ሣር ይጨምሩበታል። ቀጥሎም የቀበሌያቸው የጋራ ግጦሽ የት እንደ ነበረና አሁን ምን እንደ ተተከለበት አባቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ አዝዛቸዋለሁ። በዓሉ ያለ ፈረስ፥ ፈረሱም ያለ ሜዳ አይሆንምና።

የተተከለው ነገር ብዙ ጊዜ ዲከረንስ ነው። ስለዚህ ዛፍ ስናገር መጠንቀቅ ይገባኛል፤ የብዙ ተማሪዎቼ ደብተርና ጫማ የተገዛው በእርሱ ነውና። አገሩ አውስትራልያ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች አፈሩ በዝናም ብዛት ታጥቦ ኮምጣጣ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለ ጊዜ ገበሬው ዲከረንስ ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፥ በሁለተኛው ሣር ያጭዳል፥ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ራቁቱን የነበረው ኮረብታ ለበሰ፥ የሣር ቤት ቆርቆሮ ሆነ። ከከተማ መጥቶ ይህን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ በምድጃው ያለውን ከሰል ይመልከት። ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዛፉ ላይ በሽታ ገባ፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ ቤተሰብ አንድ በሽታ ሁሉን በአንድ ጊዜ ወሰደበት። በአንድ ክፍል የነበሩ ልጆች በዚያ ዓመት የሣሉትን አይቻለሁ፤ ያለ ማንም ትእዛዝ ኮረብታውን በቡናማ ቀለም ቀብተውታል።

እንዲህ ያለው ሥዕል በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተለጥፎ ከምናየው ማስታወቂያ ይሻላል። በእኛ ዘመን፥ «የኢትዮጵያ ደን ከመቶ 40 ነበረ፥ አሁን ከመቶ 3 ቀረ» የሚል ጽሑፍ ከተሰነጠቀ መሬትና ከደረቀ ግንድ ሥዕል ጋር ያልተለጠፈበት ትምህርት ቤት ማግኘት ይቸግር ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ግን በ1997 በፈረንጅ አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት ይህን አነጋገር መርምረው መሠረቱ እንደማያስተማምን አሳይተዋል። ደኑ አልጠፋም ማለታቸው አይደለም፤ የየአገሩ ታሪክ የተለያየ ነው ማለታቸው ነው። ልጅን በማይጨበጥ ቁጥር ማስፈራራት ጥቅሙ አይታየኝም። የገዛ ቀበሌውን ኮረብታ ቢሥል፥ ከሽማግሌ ጠይቆም ያንኑ ኮረብታ የዛሬ ሃምሳ ዓመት እንደ ነበረ ቢሥለው፥ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ክርክሩን እርሱ ራሱ ይጀምራል። አንዳንዱ ኮረብታ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ዛፍ በዝቶበት ይገኛል፤ ያን ጊዜ፥ «የምን ዛፍ?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል።

በአዊ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአውኚ ቋንቋ ይማራሉ፤ የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት አለ፤ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባልም አለ። ሁለቱ በሰዓት ሰሌዳው ላይ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ሰላምታ የማይለዋወጡበት ምክንያት አይገባኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ወጣት መምህር ምክር ሲጠይቀኝ፥ ልጆቹን ወደ ዘንገና ሐይቅ አውጥቶ በዙሪያው ካለው ደን እያንዳንዳቸው አንድ ዛፍ እንዲሥሉ፥ ከሥዕሉም በታች ሁለት መሥመር አስምረው በአንዱ የአማርኛውን በሌላው የአውኚውን ስም እንዲጽፉ ነገርሁት። እንዳልሁት አደረገ። ወረቀቶቹን ይዞልኝ በመጣ ጊዜ ከሩብ በሚበልጡት ላይ የአውኚው መሥመር ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ቢጠይቁም እናትና አባታቸው አላወቁትም። መምህሩ ባዶ ያሉትን ለይቶ በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ዘንድ ወሰዳቸው። ስድስቱን ነገሩት፤ በሰባተኛው ላይ ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ፥ «ይህንስ ቅጠሉን አምጣልኝ» አሉት።