ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ከኦሪት ታሪኮች መካከል እንደ ዮሴፍ ታሪክ ሰሚን የሚያስለቅስ ጥቂት ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ቤት ተለይቶ፥ በሰው አገር ኖሮ፥ ፈርዖን የባዕድ ስም አውጥቶለት፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ከወንድሞቹ ጋራ በአስተርጓሚ ተነጋገረ። ከአገራችን ሰዎች ይህን የመሰለ ዕድል የገጠማቸው፥ የአውሮፓን ሕክምና በመማር ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ትውልዳቸው ጎንደር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተይዛ አጼ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ ወርቅነህ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረ። በዚያ ሁከት ከወላጆቹ ተለይቶ ቢገኝ፥ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ፤ ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ልጁን ያስተማሩት ሚሲዮናውያን ናቸው። በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም፥ ለዚህ ወላጅ አልባ ያደረጉትን ቸርነት መካድ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ መዘንጋት ይሆናል። ከዚያም በላሆር ሕክምና ተምረው፥ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አስፋፍተው፥ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ።

የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ሲሰማ ልባቸው ወደ አገራቸው ተነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አዲስ አበባ ደርሰው ሕመምተኛውን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። ነገር ግን የአማርኛ ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ ነበርና የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። ወሬውን የሰሙ አንዲት አሮጊት መጥተው፥ በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው፥ የጠፋው የልጅ ልጄ ወርቅነህ ይህ ነው አሉ። አያታቸው ነበሩ።

የቅኔ ተማሪ በየዛፉ ሥር ተቀምጦ የሚደክመው እንዲህ ያለውን ምሥጢር ለማግኘት ነው። ቻርልስ ማርቲን ሰሙ፥ ወርቅነህ ወርቁ። ዳሩ ግን ሰሙን ያቀለጠው ምን እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ የሰውን ቁስል ሲያደርቅ የኖረው ሐኪም በወገኑ ዘንድ የታወቀው በገዛ ቁስሉ ምልክት ነው።

ከዚህ ወዲያ ኑሯቸው ከአገራቸው ጋራ ተያያዘ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሳሉ አጼ ምኒልክን በሕመማቸው ጊዜ ተመለከቱ። ከበርማው ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ጠቅልለው ገቡ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ በልዩ ፍርድ ቤት ፈረዱ፤ ስለ ጣና ግድብ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ተጓዙ፤ ጨርጨርንም ገዙ፥ መንገድም አሠሩ። ሐኪም ሆነው ሳለ ስለ ምን ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ የሚል ቢኖር፥ መንገድ የሌለው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም እንዴት ይደርሳል? ብለን እንጠይቀዋለን። እኔስ ሕክምናውን ተዉት ለማለት አልደፍርም።

በ1927 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ሲሆናቸው፥ ሌላው ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ፥ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ የአገራቸውን አቤቱታ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያሰሙ፥ ለቁስለኛውም ርዳታ ሲለምኑ ሰነበቱ። ከልጆቻቸው ሁለቱ በእንግሊዝ አገር የመሐንዲስነት ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ስማቸውም ዮሴፍና ብንያም ነው፤ ራሔል የወለደቻቸው የሁለቱ ወንድማማች ስም። አባትየው ይህን ስም ሲያወጡ የራሳቸውን ስደት አስበው እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ሁለቱም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰልፈው በጠላት እጅ ገቡ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላም ተገደሉ።

የኦሪቱ ያዕቆብ ሞተ ብሎ ያለቀሰለትን ዮሴፍን በሕይወት አገኘው። እኚህ አባት ግን ለአገራቸው ሊናገሩ በተላኩበት በሰው አገር ሳሉ፥ የዮሴፍንም የብንያምንም መርዶ ሰሙ።

በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ከመቅደላ ከተወሰዱ ሰባ አራት ዓመት ሆኖ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ለራሳቸው በየዕለቱ የያዙት ማስታወሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት ቋንቋ እርሱ ነበርና። ለአገራቸው ልጆች ያዘጋጁት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ግን በአማርኛ ነው።