የአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆችና የአራት ትምህርቶች ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው፣ በአነስተኛ ክፍያ የሁለት ዓመት ትምህርት ለአካባቢው ነዋሪ የሚሰጠው የሕዝብ ተቋም፣ ሲጠነሰስ የታሰበለት ሥራ ዛሬ ከሚሠራው እጅግ የጠበበ ነበር። የዕብራይስጥና የብሉይ ኪዳን ሊቅ የነበሩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የዩኒቨርሲቲያቸውን የአራት ዓመት ትምህርት ለሁለት ከፍለው በ1896 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አጋማሽ ጁኒየር፣ ሁለተኛውን ሲኒየር ኮሌጅ አሰኙት፤ የጀማሪዎቹ ጠቅላላ ትምህርት በሌላ ተቋም ቢሰጥ ዩኒቨርሲቲው ለምርምር ፋታ ያገኛል የሚል እምነት ነበራቸውና። በ1901 በኢሊኖይ የጆሊየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውን ከሃርፐር ጋር ተመካክረው በዚያው ትምህርት ቤት ስድስት ተማሪዎችን ተቀብለው የኮሌጅ ትምህርት ሲያስጀምሩ፣ ዛሬም ድረስ ሳይቋረጥ የዘለቀው የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ ተወለደ። ካሊፎርኒያ በ1907 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከምረቃ በኋላ ያለውን ትምህርት እንዲሰጡ በሕግ ፈቀደች፤ ፍሬዝኖም በ1910 በሕጉ ተጠቅማ ቀዳሚ ሆነች።

ይህን ጠባብ ሐሳብ ያሰፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደር ነው። የ1944ቱ ሕግ ለተመላሹ ወታደር የትምህርት ወጪውን ስለሸፈነለት የኮሌጆች በር ተጨናነቀ፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ አውራጃ ያለው ኮሌጅም በ1946 ሥራ የጀመረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ፣ በማታ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉና የሁለት ዓመቱ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በ1960 የወጣው የካሊፎርኒያ ማስተር ፕላን ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች በውጤት የላቁትን 12.5 በመቶ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የላይኛውን አንድ ሦስተኛ ለስቴት ኮሌጆች መድቦ፣ ጁኒየር ኮሌጆች ከትምህርቱ ሊጠቀም የሚችለውን ሁሉ እንዲቀበሉ ደነገገ። ሥነ ልቦና፣ ሪል ስቴት፣ ሃይማኖትና ንባብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገናኙ የቻሉት በሩ እንዲህ በመከፈቱ ነው፤ ይሁን እንጂ አራቱም የገቡበት ምክንያት ለየቅል ነው።

የሥነ ልቦናው መግቢያ ኮርስ የሃርፐር ሐሳብ ቀጥተኛ ወራሽ ነው፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ትውስታ፣ ስለ ሕፃናት ዕድገትና ስለ አእምሮ ሕመም መሠረታዊውን ዕውቀት አስጨብጦ ተማሪውን ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ያሻግራል። ሚልድረድ ሞንታግ የተባሉት የነርሲንግ ምሁር ነርሶች በሁለት ዓመት ኮሌጅ እንዲሠለጥኑ ያቀረቡት ዕቅድ በ1952 መሞከር ከጀመረ ወዲህ ግን ለነርስነት የሚሠለጥነውም ስለሚወስደው ኮርሱ ሙያ ፈላጊውም የሚማረው ሆነ።

የሪል ስቴቱ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ አልመጣም፤ ያመጣው የፈቃድ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በ1917 የቤትና የመሬት ደላሎችን በፈቃድ ለማሠራት ያወጣችው ሕግ በፍርድ ቤት ቢሻርም በ1919 እንደገና ወጥቶ ጸና፤ በዛሬው ደንብ ደግሞ የሻጭነት ፈተና የሚወስድ ሰው እያንዳንዳቸው 45 ሰዓት የሚፈጁ ሦስት ኮርሶችን አስቀድሞ ማጠናቀቅ አለበት። ይህ ትምህርት ከክፍያ ስሌትና ከውል አጻጻፍ ያለፈ ከባድ ታሪክ ተሸክሟል። የአገሪቱ የሪል ስቴት ቦርዶች ማኅበር በ1924 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ደላላው የቤቶችን ዋጋ ያወርዳሉ የሚባሉ የሌላ ዘር ወይም ዜግነት ሰዎችን ወደ አንድ ሰፈር እንዳያስገባ ያዝዝ ነበር፤ አድልዎው የሙያው ግዴታ ተደርጎ ተጽፏል ማለት ነው። ቤት ለጥቁሮች እንዳይሸጥ የሚከለክሉ የንብረት ውሎችን ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ወሰነ፤ በ1950 የማኅበሩ ደንብ ተሻሻለ። ያም ሆኖ ካሊፎርኒያ በ1963 በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሕጉን በሕዝብ ድምፅ ለማስሻር ዘመቻውን የመራው የሙያው የራሱ ማኅበር ነበር፤ ተሳክቶለትም ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ውጤቱን ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። በ1968 የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ታወጀ። ከ2024 ጀምሮ ይኸው ጉዳይ በካሊፎርኒያ ለፈቃድ በሚያበቃው ኮርስ ውስጥ በግዴታ እንዲካተት መደረጉ ተገቢ ነው፣ ግን እጅግ የዘገየ ነው።

የሃይማኖት ትምህርት በሕዝብ ኮሌጅ መሰጠቱ፣ መንግሥትና ሃይማኖት በሕገ መንግሥት በተለያዩበት አገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 በአቢንግተንና በሼምፕ ጉዳይ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን እንደ አምልኮ ማንበብን ሲከለክል፣ ስለ ሃይማኖት ያለ ወገንተኝነት ማስተማር ግን እንደማይከለከል በዚያው ፍርድ አመለከተ። ስለዚህ መምህሩ እስልምናን፣ ክርስትናን፣ ይሁዲነትንና ቡድሂዝምን በታሪካቸው፣ በቅዱሳት መጻሕፍታቸውና በሥርዓታቸው ያስተምራል እንጂ አይሰብክም፤ አማኙና የማያምነውም በአንድ መመዘኛ ይፈተናሉ።

ከአራቱ ትንሹ ክብር የተሰጠው ንባብ ነው፣ የተከፈተው በር እውነተኛ መሆኑ የሚለካው ግን በእርሱ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ አንብቦ መረዳት ላቃተው ሰው ሌሎቹ ሦስቱ ተዘግተዋልና። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍራንሲስ ሮቢንሰን በ1946 ያሳተሙት ባለ አምስት ደረጃ ዘዴ ለብዙ የንባብ ክፍሎች መሠረት ሆኗል፦ ተማሪው መጀመሪያ ርዕሶቹን ይቃኛል፣ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ይለውጣል፣ መልሱን እየፈለገ ያነባል፣ መጽሐፉን ከድኖ ያገኘውን በራሱ ቃል ይናገራል፣ በመጨረሻም ይከልሳል። ችግሩ ከዘዴው ሳይሆን ከአደረጃጀቱ መጣ፤ በመመዘኛ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ለዲግሪ በማይቆጠሩ ተከታታይ የማካካሻ ኮርሶች ውስጥ ገብተው ብዙዎቹ መደበኛው ትምህርት ላይ ሳይደርሱ ቀሩ። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆች ተማሪዎችን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረውን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ኮርስ የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ በሚልበት ደረጃ እንዲመድቡ አስገደደች፤ ለብቻው ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በብዙ ቦታ ከዋናው ኮርስ ጎን ለጎን የሚሰጥ ሆነ።