ከበላ ልበልሃ እስከ ምስለ ችሎት፣ ከዚያም ካንጋተን

«በላ ልበልሃ» ሲባል ዛሬ ብዙዎቻችን የመድረክ ጨዋታ ይመስለናል። በድሮው ሙግት ግን ከሳሽና ተከሳሽ በግጥምና በተረት እየተቀባበሉ፣ በቅሎ ወይም ማር እየተወራረዱ የሚከራከሩበት ሥርዓት ነበር። ማስተማሪያውም አደባባዩ ነው። በችሎት የተቀመጡት ፍርድ ሲጠየቁ የሚጀመረው ከታች ነበር፦ መጀመሪያ ታናሹ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ይወጣል። ይሄ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ታናሹ ከትልቁ በኋላ ቢጠየቅ የሰማውን ይደግም ነበር።

በ1950ዎቹ ነገሩ ተቀየረ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ በ1954 ወጣ። ይህን የሚያውቅ ዳኛና ጠበቃ ማፍራት ግድ ስለነበር፣ በ1956 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፣ እስካሁንም ነው። ምስለ ችሎት የዚሁ ትምህርት ልማድ ነው። ተማሪዎች የፈጠራ ጉዳይ ይሰጣቸዋል፣ ለሁለት ወገን ተከፍለው ክርክራቸውን ይጽፋሉ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ። ጄሰፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በ1960 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የአፍሪካ ሰብአዊ መብቶች ውድድር ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ላይ።

ታዲያ ከዚህ የወጣ ተመራቂ ካንጋተን ቢመደብስ? ካንጋተን ከኦሞ ወንዝ በስተምዕራብ ያለች የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሕዝቡ ከብት አርቢ ነው፤ አፉን የፈታው በኛንጋቶምኛ፣ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) ላይ የችሎቱ ቋንቋ ለማይገባው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዋናው ሰው ጠበቃው ብቻ አይደለም፣ መሃል የቆመው አስተርጓሚም ነው። ተከሳሹ ከብቱን «ወሰድኩ» ይላል እንበል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትና ውንብድና የተለያዩ ወንጀሎች ናቸው፤ የውንብድናው ቅጣት ይከብዳል። አስተርጓሚው «ነጠቅኩ» ብሎ ካቀረበው ክሱ ወደ ከባዱ ሊያዘነብል ይችላል።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው። እኛ ጋ ሙከራ የሚጠቅመው እውነተኛው ተጠቃሚ የሚያስገባውን ሲያስገባ ነው፤ አለዚያ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ያልፍና ችግሩ ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። በምስለ ችሎትም አንድ ዙር በአማርኛ ይደረግ፣ ደንበኛው ጠበቃው የማያውቀውን ቋንቋ ይናገር፣ አስተርጓሚም ይቀመጥ። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ መጠበቅ፣ «ያለው ቃል በትክክል ምንድን ነው?» ብሎ ማስመዝገብ እዚያ ይልመድ። የመጀመሪያ ልምምዱ የእውነተኛ ሰው ክስ ላይ መሆን የለበትም።