ሺህ የሌለው ሻለቃ

ሻለቃ የሺህ አለቃ ነው። ከእሱ ዝቅ ሲሉ ሻምበልን አልፈው መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና አስር አለቃ ይገኛሉ። ቆጠራው ከፈረንጅ ጦር የተቀዳ አይመስልም። ሙሴ በአማቱ በዮቶር ምክር ሕዝቡን ሲያደራጅ የሾማቸው የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአስር አለቆች ዘጸአት ምዕራፍ 18 ላይ ተደርድረዋል። ለእኔ ምንጩን የሚያሳብቀው በተለይ ሃምሳ አለቃ ነው።

በነገሥታቱ ጦር ግን ትልልቁ ሹመት ቁጥር አይጠራም። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች ከቀኝ፣ ግራአዝማች ከግራ ነው፤ ስንት ሰው እንዳስከተሉ ስማቸው አይናገርም።

በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጦሩ እንደገና ሲደራጅ እስከ ሻለቃ ያለው ማዕረግ አማርኛውን እንደያዘ ቀረ፤ ከዚያ በላይ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮሎኔል፣ ጄኔራል ሆነ። ቁጥሩም ላላ። መቶ አለቃው ሠላሳ አርባ ሰው ይዞ ይሰለፋል። ሯጩ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ሺህ ሰው አስከትሎ ሮጠ እንጂ አላዘዘም።

ሻለቃ የሰውም የጦር ክፍልም መጠሪያ ነው። በልዑል ራስ መኮንን ፈረስ ስም የተሰየመው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ፑሳን ሲገባ በእርግጥም ከሺህ በላይ ሰው ነበረው። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። አዛዡ ግን ሻለቃ አልነበሩም፤ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ጦርነቱ እስኪቆም ሦስት ቃኘዎች ተፈራረቁ፤ ከ120 በላይ ሰው ሞተባቸው፣ የተማረከባቸው ግን የለም።

ማዕረጉ ከቁጥር ይልቅ ድንበር ሆኖ የታየው በሰኔ 1966 ዓ.ም. ነው። ከየጦር ክፍሉ ተወክለው ደርግን ያቋቋሙት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉት ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተነካክተዋል ተብለው አልታመኑም። ስሙ የፈረንጅ የሆነ ማዕረግ በጠቅላላ ከበር ቀረ ማለት ነው፤ ሆን ተብሎ ባይሆንም። ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሻለቃ አጥናፉ አባተ በዚያ በር ገቡ። በየካቲት 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ሊቀ መንበርነቱን ሲጠቀልሉ ሌተና ኮሎኔል ነበሩ።